መሬት የሚያርፈው እንዴት ነው? — ስለ አሶሳ ቀይ አፈርና ስለ ሩዝ እርሻ

አንባቢ ሆይ፤ ትምህርትዎን ጨርሰው ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ገና ሥራ ጀምረው ሳለ፣ አንድ ቀን የምደባ ደብዳቤ ደረሰዎት እንበል። ደብዳቤውን ሲከፍቱት «አሶሳ» የሚል ስም ያነባሉ። ሻንጣዎን አሰናድተው ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ይነሣሉ፤ አምቦን፣ ነቀምትን፣ ጊምቢን፣ ነጆንና መንዲን አልፈው፣ ባምባሲን ተሻግረው፣ ከ650 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ ሲፈጽሙ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ይደርሳሉ።

ብዙ ሰው ይህን ክልል የሚያውቀው በጉባ በተሠራውና ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኅዳሴ ግድብ ነው። እርስዎ ግን በክረምት ወራት ከደረሱ ዓይንዎን መጀመሪያ የሚስበው ልምላሜው ነው። የቀርከሃው ጫካ፣ በየግቢው የቆመው የማንጎ ዛፍ፣ ሰው የሚሰውር ሣር፣ ከሣሩም ሥር እንደ ሸክላ የቀላ አፈር ያያሉ። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይወርዳል፤ የዓመቱም ድምር ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ «ይህ አገር የጣሉበትን ሁሉ የሚያበቅል ነው» ብለው ይደመድሙ ይሆናል።

እንዲህ ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ልምላሜውን ያመጣው ዝናቡ ነው፤ አፈሩን ያደኸየውም ይኸው ዝናብ ነው። ለብዙ ሺህ ዓመታት የወረደው ውሃ በአፈሩ ውስጥ እየሰረገ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን የመሳሰሉትን ንጥረ ነገሮች ይዞ ወደ ታች ወርዷል። በቦታቸው የቀሩት ብረትና አሉሚኒየም ናቸው። አፈሩን ያቀላው ብረቱ ነው፤ ያኮመጠጠው ደግሞ ካልሲየሙ መታጠቡና አሉሚኒየሙ መብዛቱ ነው። በኮምጣጣ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያሳጥራል። ፎስፎረስ የተባለውንም ምግብ ብረቱና አሉሚኒየሙ ጥርቅም አድርገው ስለሚይዙት፣ ገበሬው ማዳበሪያ ቢጨምርም ሰብሉ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። የአሶሳ ገበሬ በእጁ የያዘው መሬት መልኩ ያማረ፣ ጉልበቱ ግን ቶሎ የሚደክም መሬት ነው።

ታዲያ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ሩዝ ሲመጣ ምን ይሆናል? የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነው።

የጥንቱ ዘዴ

ከሁሉ አስቀድሞ የአገሩ ሰው ይህን መሬት እንዴት ይዞት እንደኖረ ማወቅ ይገባል። የበርታና የጉሙዝ ገበሬዎች ጥንት ያርሱ የነበሩት ቦታ እየለወጡ ነው። ጫካውን ይመነጥራሉ፤ ቅጠሉንና ግንዱን ያቃጥላሉ፤ በአመዱ ላይ ማሽላና ዳጉሳ ይዘራሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምርቱ ሲቀንስ ያንን ቦታ ትተው ሌላ ይመነጥራሉ። የተተወውም መሬት ለብዙ ዓመታት ያድራል።

ይህን ዘዴ ብዙ የተማረ ሰው «ኋላ ቀር» ብሎ ነቅፎታል። ነገር ግን በጥሞና ብንመለከተው መሬቱን ማሳደር ሦስት ሥራ ይሠራ ነበር። አንደኛ፣ ዛፉና ቁጥቋጦው ሥሩን ወደ ጥልቅ ሰዶ የሰመጠውን ንጥረ ነገር ያወጣል፤ ቅጠሉም እየረገፈ አፈሩን ይመግባል። ሁለተኛ፣ ጫካው ዳግመኛ ሲቃጠል አመዱ የአፈሩን ኮምጣጣነት ያበርዳል፤ አመድ እንደ ኖራ ያለ ጠባይ አለውና። ሦስተኛ፣ በእህል ሥር የሚኖሩ ተባዮችና አረሞች የሚበሉት አጥተው ይመነምናሉ። መመገብ፣ ኮምጣጣነትን ማብረድና ጠላትን ማስራብ፤ እነዚህን ሦስቱን ሥራዎች ያስቡዋቸው፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ይህ ዘዴ ግን ሰፊ መሬትና ጥቂት ሕዝብ ይፈልጋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም.፣ በተለይም ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ፣ ከወሎና ከሌሎች ደጋማ አገሮች ብዙ ሺህ ሰፋሪዎች ወደ አሶሳና ወደ ፓዌ መጡ። ከዚያም ወዲህ የሕዝቡ ቁጥር ጨመረ፤ ሰፋፊ እርሻዎች ተከፈቱ። ያን ጊዜ አሥር ዓመት ያድር የነበረ መሬት ዛሬ አንድ ዓመት እንኳ ማደር እያቃተው መጥቷል። የገበሬው ማሳ ልኩ ታውቋል፤ ቢደክምበትም ትቶት የሚሄድበት ሌላ የለውም።

ሩዝ እንዴት መጣ?

ሩዝ በአገራችን በሰፊው የታወቀው መጀመሪያ በጣና ሐይቅ ዳር በፎገራ ሜዳ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ አስተከሉ። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች በክረምት ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ያ ጥቁር ሜዳ ለሌላ እህል አስቸጋሪ ነበር፤ ለሩዝ ግን ተስማማው። ዛሬ የፎገራ ሰው የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግራል። የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ብሔራዊ ማዕከልም በዚያው በወረታ አጠገብ ይገኛል።

በአሶሳና በፓዌ የሚዘራው ሩዝ ግን በአብዛኛው ሌላ ዓይነት ነው። ይህ ሩዝ ውሃ በቆመበት ረግረግ ሳይሆን እንደ ማሽላ በደረቅ ማሳ ላይ፣ በዝናብ ብቻ የሚበቅል ነው፤ በዚህ ጽሑፍ «የዝናብ ሩዝ» እንለዋለን። ከነዚህም ዝርያዎች ዋነኛው «ኔሪካ» የሚባለው ነው። የሴራሊዮን ተወላጅ የሆኑት ሳይንቲስት ዶክተር ሞንቲ ጆንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአፍሪካን ጥንታዊ ሩዝ ከእስያው ሩዝ ጋር አዳቅለው አስገኙት። ስለዚሁ ሥራቸው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ከቻይናው የሩዝ ሊቅ ከዩዋን ሎንግፒንግ ጋር ተካፍለዋል። ከኔሪካ ዝርያዎች ውስጥ ለኢትዮጵያ ገበሬ የተለቀቁ አሉ፤ ኔሪካ 4 አንዱ ነው።

ሩዝ ለገበሬው መልካም ነገር ነው። ቶሎ ይደርሳል፤ ዋጋ ያወጣል፤ ከተማውም እየለመደው ስለ ሄደ ገዢ አያጣም። አደጋው የሚመጣው ከዚሁ መልካምነቱ ነው። ገበሬው ዘንድሮ ሩዝ ዘርቶ ከተጠቀመ በሚመጣው ዓመትም እዚያው ማሳ ላይ ሩዝ ይደግማል፤ በሦስተኛውም ይሠልሳል። ወይም ደግሞ «መለወጥ አለብህ» ሲሉት በሩዙ ቦታ በቆሎ፣ በበቆሎውም ቦታ ማሽላ ይዘራና «ለወጥሁ» ይላል።

የእስያ ገበሬ ለምን አይቸገርም?

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሡ ይሆናል። «በቻይና፣ በጃፓን፣ በፊሊፒንስ ሩዝ በሩዝ ላይ እየተደጋገመ ብዙ መቶ ዓመት ተዘርቷል፤ መሬቱም አልሞተም። በአሶሳ ለምን ይከለከላል?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ደግሞ ውሃው ነው።

የእስያው ሩዝ ውሃ በቆመበት ማሳ ውስጥ ነው የሚበቅለው። ውሃው አፈሩን ከአየር ሲለየው ብዙ ነገር ይለወጣል። ኮምጣጣው አፈር ኮምጣጣነቱን እየተወ ይሄዳል፤ ብረቱ ጨብጦ የያዘውን ፎስፎረስ ይለቃል፤ በውሃው ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናይትሮጂን ከአየር ይሰበስባሉ፤ አብዛኛው አረምና በአፈር ውስጥ የሚኖር ብዙ ተባይ አየር አጥቶ ይታፈናል። በእስያ ማሳውን በየዓመቱ የሚያሳርፈው ውሃው ነው ማለት ይቻላል።

የዝናብ ሩዝ ግን ይህ ሁሉ የለውም። ዘሩ ሩዝ ቢሆንም ኑሮው የማሽላ ኑሮ ነው። በፊሊፒንስ አገር በሎስ ባኞስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ ጎን ለጎን ሞክሮታል። ውሃ ሳይቆምበት በተከታታይ የተዘራው ሩዝ ምርቱ እያነሰ ሲሄድ፣ ውሃ የቆመበት ጎረቤቱ ግን እንዲህ አልወደቀም። ስለዚህ የእስያን ምሳሌ ወደ አሶሳ የሚያመጣ ሰው ውሃውንም አብሮ ማምጣት ይኖርበታል።

ሩዙ ምን ይወስዳል?

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አሥር ኩንታል ሩዝ ሲመረት ሰብሉ ከአፈሩ በግምት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ናይትሮጂን ይወስዳል። በሄክታር 30 ኩንታል ያገኘ ገበሬ ታዲያ ከ45 እስከ 60 ኪሎ ተወስዶበታል ማለት ነው። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጂን ስለ ሆነ፣ የአንድ ዓመት ሩዝ የወሰደው አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለውን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ነው። ከዚህም ላይ የተጨመረው ዩሪያ ሁሉ ለሰብሉ አይደርስም፤ እኩሌታው ያህል በነፋስና በጎርፍ ሊባክን ይችላል።

«ማዳበሪያ በየዓመቱ ይጨመርበት» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን የዩሪያ ዋጋ ገበሬውን የሚያስጨንቅ ከመሆኑም ሌላ፣ ዩሪያ ብቻውን ሲደጋገም አፈሩን ይበልጥ ያኮመጥጠዋል። ለሌላ አገር መድኃኒት የሆነው ነገር በዚህ ቀይ አፈር ላይ ለብቻው ሲሰጥ የበሽታው ረዳት ይሆናል።

አቀንጭራ

ሁለተኛው ጠላት ዓይን የሚማርክ አበባ ያለው ነው። በማሽላ ማሳ ውስጥ ሐምራዊ አበባ ያበበች አጭር ተክል አይተው ያውቁ ይሆናል፤ እርስዋ አቀንጭራ ናት። አበባዋን የሚያደንቅ መንገደኛ ነው እንጂ ገበሬ አይደለም። አቀንጭራ ሥሯን በእህሉ ሥር ላይ ተክላ ምግቡንና ውሃውን ትመጠምጠዋለች፤ ከመሬት በላይ ብቅ ስትል ጉዳቱ ተፈጽሟል። አንዲቷ ተክል በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር ትጥላለች፤ ዘርዋም እንደ ትቢያ የደቀቀ ሲሆን ከአሥር ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ሳይሞት ይቆያል።

ይህ ዘር የሚበቅለው ዝናብ ስለ ዘነበ ብቻ አይደለም። የእህሉ ሥር ረዳት ፈንገሶችን ወደ እርሱ ለመጥራት የሚያወጣው ረቂቅ ቅመም አለ፤ አቀንጭራም ያንን ጥሪ ሰምታ ትነሣለች። ወዳጅ ሲጠራ ጠላት ይመጣል ማለት ነው። ማሽላም ይጠራታል፤ በቆሎም፣ ዳጉሳም፣ የዝናብ ሩዝም ይጠሯታል። ሁሉም ከአንድ የሣር ወገን የተወለዱ ናቸውና።

እነሆ፣ በሩዝ ቦታ በቆሎ፣ በበቆሎ ቦታ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ የእህሉን ስም ለወጠ እንጂ ወገኑን አልለወጠም። ለአቀንጭራ ማዕዱ እንደ ተዘረጋ ነው። ሰብል ማፈራረቅ ማለት ስም መለወጥ ሳይሆን ወገን መለወጥ ነው።

አቀንጭራን በመዋጋት በዓለም ስማቸው ከታወቀው ሰዎች አንዱ የእኛው አገር ሰው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ ጠንካራ ዘር ብቻውን አይበቃም፤ የተመረጠ ዘር፣ የአፈር እንክብካቤና ማፈራረቅ አንድ ላይ ሲሄዱ ነው አቀንጭራ የሚሸነፈው። አኩሪ አተርና ለውዝ የመሳሰሉት ሰብሎች ደግሞ አቀንጭራን በማታለል ይረዳሉ። ሥራቸው የሚያወጣው ቅመም ዘርዋን ያስነሣታል፤ ተነሥታ ስትመጣ ግን የሚጠባ ሥር አታገኝምና ትሞታለች። በዚህ ረገድ አንዱ የአኩሪ አተር ዝርያ ከሌላው ይበልጣል።

በሥር ላይ ያለች እባጭ

በአበባው ጊዜ አንድ የአኩሪ አተር ተክል በጥንቃቄ ነቅለው ሥሩን ቢያጥቡ እንደ ዶቃ የተሰካኩ ጥቃቅን እባጮች ያገኛሉ። አንዱን በጥፍርዎ ቢከፍሉት ውስጡ እንደ ሥጋ የቀላ ከሆነ እባጩ ሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይሠራም።

የነዚህ እባጮች ምሥጢር የተገለጠው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም. ነው። ሔርማን ሔልሪገል የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት የጥራጥሬ ተክሎች በእባጮቹ አማካይነት ናይትሮጂንን ከአየር እንደሚያገኙ በበርሊን ለተሰበሰቡት ሊቃውንት አስረዳ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1888 ቤየሪንክ የተባለው የሆላንድ ሰው በእባጩ ውስጥ የሚኖረውን ባክቴርያ ለብቻው ለየው። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጅ ናይትሮጂን ነው፤ ነገር ግን ሩዝም ሆነ ማሽላ ከዚያ ሁሉ አንዲት ቅንጣት እንኳ ራሱ መውሰድ አይችልም። ጥራጥሬው ግን በነዚህ ጥቃቅን እንግዶች ረዳትነት ይወስዳል። እርሱ ስኳር ይሰጣቸዋል፤ እነርሱ ናይትሮጂን ይሰጡታል።

እዚህ ላይ ግን ከማጋነን እንጠበቅ። «አኩሪ አተር ዝሩ፤ መሬቱ ይለማል» ብሎ መናገር ግማሽ እውነት ነው። አኩሪ አተር ከሚያስፈልገው ናይትሮጂን ከአየር የሚያገኘው በአማካይ እኩሌታውን ወይም ጥቂት የበለጠ ነው፤ ብዙውንም በፍሬው ውስጥ ያከማቸዋል። ፍሬው ተሸጦ፣ ገለባው ተጭኖ ወይም ተቃጥሎ ከሄደ ለመሬቱ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ለውዝማ ከነሥሩ የሚነቀል ስለ ሆነ ቅጠሉ ወደ ማሳው ካልተመለሰ መሬቱ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ለገበሬው ሊነገረው የሚገባ ሁለተኛ ቃል አለ፤ ፍሬው የቤትህ ነው፤ ገለባው የመሬትህ ነው።

ሦስተኛም ቃል አለ። አኩሪ አተር ለአገራችን አፈር እንግዳ ሰብል ነውና የሚስማማው ባክቴርያ በየማሳው አይገኝም። ስለዚህ ባክቴርያው በዱቄት መልክ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ዘሩን በስኳር ውሃ እርጥብ አድርጎ፣ በጥላ ሥር ከዱቄቱ ጋር ለውሶ፣ ወዲያውኑ ዘርቶ አፈር ማልበስ ያስፈልጋል። ዱቄቱ ሕይወት ያለው ነገር ስለ ሆነ ፀሐይ ላይ ካደረ ይሞታል። በመጋዘን ቆርቆሮ ሥር የተጠበሰውን ዱቄት ለገበሬ ማደል ሐሰት ከመናገር አይለይም፤ ይህም በተለይ በግብርና ቢሮ ለምትመደቡት የተባለ ነው።

የፎገራ ገበሬ ጥበብ

ጥራጥሬን ከሩዝ ጋር ማፈራረቅ ከመጽሐፍ ብቻ የመጣ ምክር እንዳይመስልዎ ወደ ፎገራ አንድ ጊዜ እንመለስ። በዚያ ብዙ ገበሬዎች ሩዙ ሊታጨድ ሲቃረብ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ በቆመው ሩዝ መካከል ጓያ ይበትናሉ። ሩዙ ሲታጨድ ጓያው በቅሎ ይገኛል፤ በቀረው እርጥበትም ያድጋል። በዚሁ እርጥበት ሽምብራ የሚዘራም አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ መሬቱ ሁለት ወገን አስተናገደ ማለት ነው። ብቻ ጓያ ለብዙ ጊዜ ዋና ምግብ ከሆነ እግር የሚያሽመደምድ በሽታ እንደሚያመጣ መዘንጋት አይገባም።

የአሶሳ ቀይ አፈር እንደ ፎገራ ጥቁር አፈር ውሃ አይቋጥርም፤ ዝናቡ በጥቅምት ሲያበቃ ማሳው ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ በአሶሳ ማፈራረቁ የሚሠራው በአብዛኛው በአንድ ክረምት ውስጥ ሳይሆን ከክረምት ወደ ክረምት ነው። ችግሩም የሚነሣው ከዚህ ነው።

«ታዲያ ምን ልብላ?»

አሁን እርስዎ በማሳ ዳር ቆመው ይህን ሁሉ ለአንድ ሽማግሌ ገበሬ አስረዱ እንበል። ሽማግሌው በትዕግሥት ያዳምጡዎታል። ከዚያም ምናልባት እንዲህ ይሉዎታል፦ «ልጄ፣ የነገርኸኝ መልካም ነው። መሬቴ ዘንድሮ አኩሪ አተር በልቶ ይጠግባል። እኔስና ልጆቼ ምን እንበላለን?»

ይህ ጥያቄ የአላዋቂ ጥያቄ አይደለም፤ የጉዳዩ ሁሉ ዋና ነው። ከላይ እንዳየነው ማፈራረቅ ማለት የጥንቱን አሥር ዓመት ዕረፍት በአንድ ክረምት ማሳጠር ነው። ጥንት መሬቱ ሲያርፍ ገበሬው ሌላ ማሳ ነበረው። ዛሬ መሬቱ የሚያርፈው ገበሬው እዚያው ላይ ቆሞ እየበላ ነው። ይህን ያላሰበ ምክር በወረቀት ላይ ይቀራል።

መልስ ግን አለ። ማሳውን በሙሉ በአንድ ጊዜ መለወጥ አያስፈልግም። በአራት ይከፈል፤ በአንዱ አኩሪ አተር፣ በሁለተኛው ሩዝ፣ በሦስተኛው ኑግ፣ በአራተኛው ማሽላ ይዘራ፤ በየዓመቱም ሰብሎቹ አንድ አንድ ቦታ ይሸጋገሩ። አኩሪ አተር በነበረበት ሩዝ፣ ሩዝ በነበረበት ኑግ፣ ኑግ በነበረበት ማሽላ ይገባል። እንዲህ ከሆነ የሣር ወገን በሣር ወገን ላይ ከቶ አይደገምም። ኑግም ከሣር ወገን ያልሆነ፣ ለተከታዩም እህል አረም ቀንሶ የሚተው ሰብል መሆኑን ገበሬው ራሱ ያውቀዋል። «እኩሌታው ብቻ እህል ከሆነ አይበቃኝም» ያለ ደግሞ በሦስት ይክፈለው፤ አኩሪ አተር፣ ከዚያ ሩዝ፣ ከዚያ ማሽላ። የመጀመሪያው ሥርዓት ለመሬቱ ይሻላል፤ ሁለተኛው ለጎተራው ይሻላል። መምረጥ ያለበት የሚበላውና የሚያበላው ሰው ነው እንጂ አማካሪው አይደለም። ይህም ካልሆነ በበቆሎው መስመር መካከል ቦሎቄ ማስገባት ይቻላል።

ሌላው ነገር ድስቱ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር የሚባለውን ሰው ታሪክ እዚህ ላይ ማንሣት ይጠቅማል። በአሜሪካ በባርነት ተወልዶ የእርሻ ሊቅ የሆነው ካርቨር በ1896 ዓ.ም. በአላባማ ወደሚገኘው ወደ ተስኪጊ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ የድኾቹን ጥቁር ገበሬዎች መሬት ጥጥ በጥጥ ላይ ተዘርቶበት ደክሞ አገኘው። ለውዝና አተር እያፈራረቁ እንዲዘሩ መከራቸው። ነገር ግን ምክሩን በዚህ አላቆመም፤ በ1916 ለውዝን በ105 ዓይነት መንገድ እንዴት መሥራት እንደሚቻል የሚገልጽ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ማሳ ሲለወጥ ማዕድ ቤትም መለወጥ እንዳለበት ተረድቶ ነበርና። ከላይ የጠቀስናቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በእኛም አገር ለዚህ ጅምር አለ። በልጅነታችን የጠጣነው ፋፋ አኩሪ አተር ያለበት ነው። አኩሪ አተር በደንብ ተቀቅሎ ወይም ተቆልቶ ከሽሮ እህል ጋር ቢፈጭ ወጡን ያበለጽገዋል፤ ጥሬው ግን ለሆድ አይስማማምና ያለ እሳት መበላት የለበትም። ለሚሸጠውም ቢሆን አኩሪ አተር የዘይትና የመኖ ፋብሪካዎች የሚፈልጉት፣ በኢትዮጵያ ምርት ገበያም የሚሸጥ ሰብል ሆኗል። ይሁን እንጂ በአጨዳ ወቅት ዋጋው የወደቀበት ገበሬ በሚመጣው ዓመት ወደ ሩዝ በሩዝ ይመለሳል። እንግዲህ የአፈሩ ጤና በመንገዱ፣ በመጋዘኑና በገዢው እጅም ነው።

በመጨረሻም አስቀድመን ያሰብናቸውን ሦስት ሥራዎች እንቁጠር። ማፈራረቅ መሬቱን በከፊል ይመግባል፤ ጠላቱንም ያስርባል። አመዱ ይሠራው የነበረውን ሁለተኛውን ሥራ፣ ኮምጣጣነትን ማብረድን ግን ማፈራረቅ ብቻውን አይሠራውም። በጣም በኮመጠጠ አፈር ላይ አኩሪ አተሩ ራሱ ይቀጭጫል። ይህን የሚያድነው ኖራ ነው፤ ኖራውም በሄክታር በአሥራዎቹ ኩንታል የሚቆጠር ስለ ሆነ ለአንድ ገበሬ ትከሻ ይከብዳል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከመቶው አርባ እጅ የሚበልጠው ኮምጣጣነት የነካው መሆኑን ያስቡ፤ ነገሩ የአሶሳ ብቻ አይደለም። ኖራ አጓጉዞ ማድረስ የመንግሥት ሥራ ነው፤ የመንግሥት ሥራ ማለትም በጠረጴዛ ላይ ያለው የእርስዎ ሥራ ማለት ነው።

ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት

አንባቢ ሆይ፤ የምደባው ደብዳቤ ወደ አሶሳ ባይሆንም፣ የግብርና ተማሪ ባይሆኑም፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ይያዙ። በኢትዮጵያ ውስጥ የትም ማሳ አጠገብ ሲደርሱ «ዘንድሮ ምን ዘራችሁ?» ብለው ብቻ አይለፉ። ያንን ዓይን ያየዋል። «አምና እዚህ ምን ነበር? ካቻምናስ?» ብለው ይጠይቁ። ሦስቱም መልሶች ከአንድ ወገን ከሆኑ መሬቱ ምንም እንኳ ለምልሞ ቢታይ እየደከመ መሆኑን ይወቁ።

ከዚያም ሁለተኛውን ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ወገኑን ብትለውጡ ክረምቱን በምን ትሻገራላችሁ?» ይህን ጠይቆ መልሱን በማስታወሻ ደብተሩ የጻፈ ወጣት ባለሙያ፣ ከመስኮት ልምላሜ አይቶ ሪፖርት ከሚጽፈው የበለጠ ለዚያ ቀይ አፈር ይጠቅማል። ሽማግሌው ገበሬ ጥያቄውን ሲሰሙ ከጎናቸው ስፍራ ለቀው «ና፣ ልጄ፣ ቁጭ በል» ይሉታል። እውነተኛው ሥራ የሚጀመረውም ያን ጊዜ ነው።